ሁለት ቃል የጎደለው ገጽ

ባለፈው ማክሰኞ ለጡረታ ጉዳይ አንድ ወረቀት ላስገለብጥ ብዬ ወልድያ መናኸሪያው አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ልጅቷ ወረቀቴን ተቀብላ ማሽኑ ላይ አጋደመችው፤ ብርሃን አለፈበትና ግልባጩ ትኩስ ሆኖ ወጣ። ስቀበላት የሞቀ ቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልጅቷ አይታኝ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። ሽታው ከሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይዞኝ ሄዶ ነው። ሁለት ብሯን ከፍዬ ወጣሁ፤ በማግስቱ ደብተር ገዝቼ ይኼንን መጻፍ ጀመርኩ። ጣቶቼ የለመዱት መተየብ ስለሆነ በእጅ ስጽፍ እንደ ሕፃን ነኝ፤ ፊደሌ ይንጋደዳል።

የሻረግ እባላለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ታይፒስት ነበርኩ። ያኔ፣ ትልቁ ረሃብ አልፎ ሰው ገና ቀና ማለት ሲጀምር፣ ሰሜኑ ግን በጦርነት እየታመሰ ሳለ፣ እዚሁ ወልድያ በአንድ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደሞዜ መቶ ብር አይሞላም፤ ቢሆንም ያን ጊዜ መቶ ብር የማይሞላ ደሞዝ ሰው ያስከብር ነበር። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ዳቦ በአሥራ አምስት ሳንቲም ይገኛል። በመጀመሪያ ደሞዜ ሰማያዊ ቴትሮን ጨርቅ ገዝቼ፣ ወደ ገበያው በሚያወርደው መንገድ ላይ ለነበሩ ልብስ ሰፊ ሰጠሁና ሽንሽን ጉርድ አደረጉልኝ። ጸጉሬን አፍሮ አበጥሬ፣ ያችን ጉርድ ለብሼ ስወጣ አስፋልቱ የኔ ይመስለኝ ነበር። አዲስ አበባ ያለፈበት ፋሽን ወልድያ ገና መድረሱ ስለነበር ወንዶቹም ቦላሌ ሱሪያቸውን አልጣሉም። ዛሬ ባንክ የተሠራበት ማዕዘን ላይ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ ትዝታና አምባሰል ያሰማል። ወደ ሰሜን የሚሄዱ የወታደር መኪኖች ሲያልፉ ባለቤቱ ነውር እየመሰለው ድምፁን ይቀንሳል፤ ወታደሮቹ ደግሞ ከላይ ሆነው በእጃቸው «ከፍ አድርገው!» ይሉታል። ከፍ ያደርግላቸዋል። አቧራው እስኪጠፋ ቆመን እናያለን። ሲመለሱ ያየናቸው ጥቂት ናቸው። አሁን እዚያ ማዕዘን ላይ ባጃጆች ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ፤ በቅርቡ ጦርነት ጥይት የበሳው የባንኩ ግድግዳ ተለስኖ ቀለም ቢቀባም፣ የት የት እንደነበረ የምናውቅ እናውቃለን።

የዛሬ ልጆች ስቴንስል አያውቁም። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። በታይፕ መኪናው ያለ ቀለም ሲመቱበት ፊደሉ ወረቀቱን ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ማባዣው ላይ ይጠቀለልና እጀታው ሲዞር ቀለሙ በተቆረጠው በኩል እየዘለቀ ወረቀቱን ያትማል። ከተሳሳትኩ እንደ ጥፍር ቀለም የሚሸት ፈሳሽ እቀባና እፍ እያልኩ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ጦርነቱ እየገፋ ሲመጣ ስቴንስል እንደ መድኃኒት ጠፋ። በስንት ደብዳቤ ከደሴ አንድ ፓኮ ይመጣል፤ ዳይሬክተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው አንድ አንድ እያደረጉ ይሰጡኛል። አንድ ያበላሸሁ ቀን ቀኑን ሙሉ ፊታቸው አይፈታም።

መምህር ይርጋ በዚያ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምር ነበር። የመርሳ ልጅ ነው፤ እናቱ እማማ ጥሩነሽ እዚያው መርሳ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጡ ነበር። ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት አንድ ግራጫ ኮት ነበረው፤ ክረምት ከበጋ እሱኑ ነው። ኪሱ የጠመኔ ስባሪ አያጣም። ልጅ ሆኖ የቤተ ክህነት ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባና ስለ ጥንት ግሪኮች ተማረ። ሁለቱ ትምህርት ልቡ ውስጥ ሲሟገቱ ኖሩ። ረሃቡ ሲመጣ ግን ሙግቱ የመጽሐፍ መሆኑ ቀረ። በዚያ ክፉ ዘመን መንገድ ዳር ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ አይቷል። አንዱ የኃጢአታችን ዋጋ ነው ሲል፣ ሌላው ዝናብ ማንንም አያውቅም፣ ተፈጥሮ ነው ሲል ሰምቷል። ሁለቱም መልስ ልቡን አላሳረፈውም።

እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። በሻይ ሰዓት ጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ተደግፎ ያስረዳኝ ነበር። የጥንት ዕብራውያን ምድርን እንደ ምስክር ያዩዋት ነበር ይለኛል። ንጹሕ ደም ሲፈስባት ውጣ ዝም አትልም፣ ትጮኻለች፤ ግፍ ሲበዛባት ነዋሪዎቿን ትተፋለች። ግን በራሷ አትፈርድም፤ ፈራጁ ከዝናቡም ከምድሩም በላይ ያለው አንዱ ነው። ግሪኮቹ ደግሞ ፍርዱን እዚያው ነገሩ ውስጥ አገኙት። ሙቀት በብርድ ላይ ቢበረታ ጊዜው ሲደርስ ይክሳል፤ ፀሐይ እንኳ ከመንገዷ ብትወጣ የሚመልሷት አሉ። ፍርድ የቀናበት ከተማ እህሉ ይሰምራል፣ በጉ ሱፍ ይጫናል፤ ፍርድ የተጣመመበት እንደሆነ አንድ ክፉ ሰው ለመላው ከተማ ረሃብ ይጠራል። ኋላ የመጡት ግሪኮች ይኼንን አፈረሱት፤ እሳት እዚህም ሩቅ አገርም እኩል ያቃጥላል፣ ሕግ ግን አገር ባገር ይለያያል፣ ስለዚህ ተፈጥሮ ሌላ ሕግ ሌላ አሉ። ከዕብራውያኑም መካከል ያለ በደሉ የተሠቃየ ሰው ተነሥቶ ጠየቀ፤ የተመለሰለትም ዝናብ ሰው በሌለበት ምድረ በዳም ይዘንባል የሚል ነበር። መምህር ይርጋ እዚህ ሲደርስ፣ ሁለቱም ሕዝብ በየመንገዳቸው መጥተው እዚያው ጥያቄ ላይ ቆሙ፣ እኔም እዚያው ቆሜያለሁ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ከነገሩ ይልቅ ድምፁን መስማት ነበር የምወደው። እሱ ይኼን አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም።

አንድ የገበያ ቀን ግራና ወደምትባለው የገጠር ከተማ ይዞኝ ሄደ። በጭነት መኪና ላይ ቆመን፣ ሲሪንቃን አልፈን፣ መርሳ እናቱ ጋ ውሃ ጠጥተን ነው የደረስነው። እዚያ ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ወዳጅ ነበሩት፤ ገበሬ ናቸው፣ የሰፈሩን ልጆችም ቁርአን ያስቀራሉ። ጢማቸው ሽበት ገና መጀመሩ ነበር። ሱቅ በረንዳ ላይ ሰው ከበባቸው ተቀምጠው አገኘናቸው። መምህር ይርጋ ያችኑ ጥያቄውን አቀረበላቸው፤ ዝናብ የሰው በደል ያውቃል ወይ አላቸው።

ሼሁ ፈገግ ብለው «መምህር፣ ዝናብ ራህመት ነው እንጂ ደሞዝ አይደለም» አሉ። «ለሠራ እየተከፈለ ላልሠራ የሚቀር ቢሆንማ እዚህ አገር ጠብታም አይወርድ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ በርበሬ ልገዛ ወደ ገበያው ወረድኩ። ተመልሼ ስመጣ በረንዳው ላይ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል፤ ሳቁ የለም። ሼሁ መሬት መሬት ያያሉ፤ መምህር ይርጋ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ስንመለስ እስከ ወልድያ ደብተሩን ብብቱ ሥር እንዳጠበቀ ነበር። ምን አሉህ ብዬ አልጠየቅኩም። መኪናው በየጎድጓዳው ሲያንገጫግጨን ትከሻው ትከሻዬን ሲነካኝ ነበር የማስበው።

በዚያው ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል ለወላጆች ቀን መጽሔት እናዘጋጅ ተባለ። መምህር ይርጋም የጥንት ሰዎች ስለ ተፈጥሮና ስለ ፍርድ ምን ያስቡ እንደነበር ጽፎ አመጣልኝ። ጽሕፈቱ ደቃቅና ንጹሕ ነው፤ አንድ ስርዝ የለበትም። ዳይሬክተሩ አራት ስቴንስል ሰጡኝ። ሦስቱን ገጽ በሰላም ጨረስኩ። በአራተኛው ግርጌ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለብቻዋ የተቀመጠች ነበረች፤ ዛሬም አንድ ፊደል ሳልስት እላታለሁ፦ «ዳኛ ሲያብል ሰማይ ይደርቃል፤ ከሰማይም በፊት የእናት ጡት ይደርቃል ይሉ ነበር።» ሁለተኛው «ይደርቃል» ላይ ስደርስ መስመሩ አለቀ። ከዚያ በታች ያለው የስቴንስሉ ጠርዝ ነው፤ ቢመቱበት ይቀደዳል። አምስተኛ ለመጠየቅ ዳይሬክተሩ ፊት መቆም አለብኝ፤ ገጹንም እንደገና መምታት አለብኝ። ቀኑ ሙቀት ነው። ደግሞ ከጓደኛዬ ጋር ጫማ ልናይ ተቀጣጥረናል፤ ባለ ተረከዝ ነጭ ጫማ ከአሰብ መጥቷል ተብሎ ከተማው ውስጥ ተወርቷል። «ይሉ ነበር» ሁለት ቃል ናት አልኩ። አራት ነጥብ መታሁና ዘጋሁት።

አማርኛ የሚያነብ ሰው ምን እንዳደረግኩ ይገባዋል። ነገራችን የሚታሰረው መጨረሻው ላይ ነው። ከሺህ ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች ያሉት ተብሎ የተጻፈው፣ መምህር ይርጋ ዛሬ በራሱ አፍ የተናገረው ሆነ።

መጽሔቱ ተባዝቶ ተበተነ፤ ወላጆችም ወደየገጠሩ ይዘውት ሄዱ። ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ሰዎች መጥተው መምህር ይርጋን ከክፍል አስጠርተው ወሰዱት። ዳይሬክተሩ አራተኛውን ገጽ ይዘው ወደኔ መጡ። ይርጋ እንዲህ ብዬ አልጻፍኩም ብሏል፣ የእጅ ጽሑፉ ካለ ነገሩ በቀላሉ ያልቃል፣ አለሽ ወይ አሉኝ። ወረቀቱ ከጉልበቴ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ግን ከዚያ በፊት በነበረው ወር በአንድ መሥሪያ ቤት መፈክር ላይ ፊደል ያሳሳተች ልጅ አሻጥር ነው ተብላ ታስራ ነበር፤ ስትወጣ አይቻታለሁ፤ ሰው ቀና ብላ አታይም። አፌ ሳላዘው ጣልኩት አለ። ዳይሬክተሩ ትንሽ አዩኝና ሄዱ። ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀቶቹን ጉርዴ ወገብ ላይ ሻጥ አድርጌ ወደ ተከራየሁበት ቤት ወሰድኩ። የቤቱ ባለቤት ሽሮ ጥደው ወደ ጓዳ ሲገቡ ከድስቱ ሥር ከተትኳቸው። ያ ንጹሕ ጽሕፈት እንዴት ቶሎ ነደደ። ያን ቀን ያንን ሽሮ በላሁ።

በሦስተኛው ቀን እማማ ጥሩነሽ ከመርሳ መጡ። ሼህ እንድሪስም ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከግራና መጡ፤ ልብሳቸው አቧራ ብቻ ነው። ቢሮ ለቢሮ ሲሉ ውለው ከሰዓት እኔ ጋ ገቡ። እማማ ጥሩነሽ ወንበር ቢሰጣቸው እምቢ ብለው መሬት ተቀመጡ። ሼሁ ቆመው አዩኝ።

«ልጄ፣ ወረቀቱ በእጅሽ ነው ያለፈው። የምታውቂው ነገር ካለ ለዚህች እናት ስትይ ንገሪን።»

«አላውቅም አባ» አልኩ። «የሰጡኝን ነው የመታሁት።»

ሼሁ ሌላ አልጠየቁኝም። እማማ ጥሩነሽ ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ፤ ልጃቸው ስለኔ ያነሣላቸው እንደነበር የነገሩኝም ያን ጊዜ ነው። ጨዋ ልጅ ናት ይላቸው ነበር አሉ።

ምርመራው ምን ላይ እንደደረሰ በይፋ የነገረን የለም። መምህር ይርጋ ጥፋቱን በጦር ግንባር ያስተሰርያል ተብሎ ከአዲስ ምልምሎች ጋር ሊላክ መሆኑ ተሰማ። አንድ ጠዋት ሥራ ስገባ መኪናው አስፋልቱ ላይ ቆሞ ሰዎች ይጫኑበታል። እሱም አለ። ግራጫ ኮቱን ለብሷል፤ ጸጉሩ ተላጭቷል። አየኝ። መቅረብ እፈራለሁ፣ ማለፍም አልቻልኩም። ጥቂት ተጠጋሁ። ከመኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ጽሑፉ ተገኘ ወይ አለኝ፤ ድምፁ ያው ሻይ ሰዓት የማውቀው ድምፅ ነው። የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ኮቱን ሰብሰብ አደረገና «ይሁን፣ የሻረግ። ወረቀት አይደል» አለኝ። መኪናው ሄደ። ከማዕዘኑ ሙዚቃ ቤት ባለቤቱ ድምፁን ቀነሰ፤ ከላይ ሆኖ «ከፍ አድርገው!» ያለው ግን አልነበረም።

አልተመለሰም። ምሽግ ውስጥ ለወታደሮች ፊደል ሲያስቆጥር አይተነዋል ያሉ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ያ ጦርነት ሲያበቃ የተበተነው ወታደር ባዶ እግሩን በአስፋልቱ ሲወርድ ለብዙ ቀን ቆሜ ፊት ፊታቸውን አየሁ። ከጎኔ የቆሙ እናቶች ነበሩ፤ ወንድሟን የምትጠብቅ እህት መሰልኳቸው መሰለኝ፣ ማን ነው ያንቺው ይሉኛል። ፊት ፊት ማየቴን እቀጥላለሁ። ለእማማ ጥሩነሽ ስኳርና ሳሙና ይዤ በየዓመት በዓሉ መርሳ እሄድ ነበር። ልጄ ይሉኛል። ለጎረቤቶቻቸው ደግሞ ልጄ እውነት ጽፎ ነው የሄደ እያሉ ይናገሩ ነበር፤ ሲናገሩ አንገታቸው ቀና ይላል። ብነግራቸው ልጃቸውን መልሼ አልሰጣቸው፤ ያችን መጽናኛ ደግሞ እነጥቃቸዋለሁ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ምናልባት እውነት ነበር፤ ምናልባትም የፈሪ ሰበብ ነው። ሳልነግራቸው ሞቱ።

እኔ ኖርኩ። አገባሁ፣ ሴት ልጅ ወለድኩ፣ ባሌ በደህና ዕድሜው አረፈ። የታይፕ መኪናው ቀርቶ ኮምፒዩተር መጣ፤ እሱንም ተማርኩ። ልጄን አተኩሷት በተኛች ቁጥር ይኸው ቅጣቱ መጣ እላለሁ። ትድናለች። ቤት ስሠራ ይፈርሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ ጸንቶ ቆመ። ደህና መኖሬ ራሱ ያስፈራኝ ጀመር። እሱ ያስረዳኝ የነበረው ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ የመጽሐፍ ሙግት መስሎኝ የሰማሁት። ምድር የምትጮኽ ከሆነ ለምን ለኔ ዝም አለች እያልኩ ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ቲማቲም ስመርጥ፣ ሰልፍ ስጠብቅ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንበጣው መጣ፤ በዓመቱ ደግሞ ጦርነቱ ወልድያ ገባ። ከባድ መሣሪያው ሰፈራችን ላይ መውደቅ ሲጀምር የጡረታ ደብተሬንና አንድ ጋቢ ይዤ ከሰው ጋር በእግሬ ወጣሁ። ልጄ ደሴ ናት፤ መንገዱ ተዘግቷል። ሲሪንቃን ስናልፍ እግሬ አብጦ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነበር። መርሳ ደርሰን ሰዉ በየዘመዱ ተበተነ። እኔ እዚያ ዘመድ የለኝም፤ እማማ ጥሩነሽ የሉም። ሠላሳ ዓመት የሸሸሁት አንድ ቤት ግን ነበር። ወደ ግራና ታጠፍኩ።

የሼህ እንድሪስ ልጅ ዘይነባ ናት በሩን የከፈተችልኝ። ማን ነሽም ሳትለኝ እግሬን አይታ ለብ ያለ ውሃ በጨው አመጣች። ሼሁ ዘጠና ዓመት ሊደፍኑ ነው፤ ዓይናቸው ፈዟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ሰላም ስላቸው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝና ያቺ የታይፑ ልጅ ነሽ አይደል አሉኝ። ነኝ አልኩ። አልሐምዱ ሊላህ፣ ግቢ፣ ቤትሽ ነው አሉ። እዚያም ጦሩ ደርሶ ነበር፤ ከብቶቹ ተነድተዋል፣ ጎተራው ተፈትሿል። ያለችውን ማሽላ ዘይነባ ለስምንት ሰው ታካፍላለች፤ የኔ ድርሻ ከማንም አንሶ አያውቅም። ሁለት ወር እንዲህ ቆየሁ።

ሼህ እንድሪስ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ እኔ ወልድያ በተመለስኩ በጥቂት ሳምንት አረፉ። ያች የምነግራችሁ ቀን ግን ማሽላው እሸት የያዘበት፣ ሰማዩ ጥርት ያለበት ቀን ነበረች። ከማሳው ዳር ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ፤ ዘይነባ ፈንጠር ብላ በወንጭፍ ወፍ ትጠብቃለች። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ስቴንስሉን፣ ነጭ ጫማውን፣ መሳቢያውን፣ ሽሮውን። ስጨርስ መቁጠሪያው ቆሟል።

«ያችን ቃል እስቲ ሙሉዋን በያት» አሉኝ።

አልኳት። ዳኛ ሲያብል ሰማይ ይደርቃል፤ ከሰማይም በፊት የእናት ጡት ይደርቃል፣ ይሉ ነበር።

መቁጠሪያውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ «ልጄ፣ ያ ቃል የግሪክም የዕብራውያንም አይደለም» አሉ። «የኔ ነው።»

ቀስ እያሉ ነገሩኝ። በዚያ ዘመን በሰፈራቸው አንዲት ባሏ የሞተባት አራስ ነበረች። መሬቷን የአጎራባች ሰው ፈለገውና የዚያን ጊዜው የሰፈሩ ዳኛ በሐሰት ምስክር ፈረደለት። ሴትዮዋ የምትበላው አጣች፣ ጡቷ ደረቀ፣ ሕፃኑ ሞተ። ሕፃኑን የቀበሩት ሼሁ ናቸው። ያን የገበያ ቀን፣ እኔ በርበሬ ልገዛ ስወርድ፣ ይኼን ነው ለመምህር ይርጋ የነገሩት። እሱም ልጽፈው፣ አንቱን እንዳያስነካ ግን ከጥንቶቹ ሰዎች አፍ ላስገባው ብሏቸው ኖሯል፤ የሞተ ሰው አይታሰርም ብሎም ስቋል። መጽሔቱ በአንድ ወላጅ እጅ ግራና ደረሰ። ዳኛውም አነበበው፤ ራሱን አወቀና ከሰሰ።

«እኔ ልቡ ሞልቶ፣ መከለያውን ጥሎ፣ ደፍሮ የጻፈው መስሎኝ ኖርኩ» አሉኝ። «ያን ወሬ እኔ ባልነግረው ኖሮ እናቱ ልጅ ነበራት እያልኩ ስንት ዓመት ሰገድኩ።»

እስከዚያች ሰዓት የበደልኩት አንድ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ቢበዛ ሁለት። እኒህ ሽማግሌ ያልሠሩትን በደል ተሸክመው ዘጠና ሊደፍኑ ነው፤ ሸክማቸውን ለማውረድ ያች ቢሮ ውስጥ አንዲት ቃል ከኔ ይበቃቸው ነበር። ይቅር ይበሉኝ አልኩ፤ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ያዙኝ።

«ምድር ብትቀጣኝ ይቀለኝ ነበር» አሉ። «እሱ በተወሰደ ዓመት መሬቴ ጦም ያድራል ብዬ ጠበቅኩ። ዝናቡ በልኩ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ዓመት ማሽላ አፍሼ አላውቅም። እሱ ነው የከበደኝ።» ወደኔ ዞረው «የመምህሩ እናት ይኼን አውቃ ነው የሞተች?» አሉኝ።

«አላወቁም።»

«እንግዲያው ይቅርታው እኔ ጋ አይደለም» አሉ፤ ቁጣ በሌለበት ድምፅ።

ከዚያ ዘይነባን ተጣሩ። ለእንግዳችን እሸት ጥበሺ አሏት። እዚያው ማሳው ዳር ፍም አድርጋ ሁለት ራስ ማሽላ ጠበሰች፤ አሽታ፣ ገለባውን እፍ ብላ በሰፌድ አቀረበችልን። ሼሁ ዓይናቸው ስለፈዘዘ በጣታቸው እየዳበሱ ለሁለት ከፈሉት፤ የበለጠውን ወደኔ ገፉት። ብዪ አሉኝ። ከሩቅ፣ ከወልድያ በኩል፣ ከባድ መሣሪያ ይሰማ ነበር። በላሁ። እሸቱ ይጣፍጥ ነበር።